በብርድ አገር ስላለው የቤት ማሞቂያና ስለ አየር ማጣሪያው

በአገራችን ልማድ እሳት በቤተ ሰብ መካከል የሚኖር ነገር ነው። ምድጃው ሲጤስ ዓይን ያያል፤ ፍሙ ሲከስም እጅ ያውቃል፤ አመዱ ሲበዛም የቤቱ እመቤት ማንም ሳያሳስባት ታስጠርገዋለች። በአሜሪካና በካናዳ ግን እሳቱ በምድር ቤት ወይም በአንዲት ጠባብ ክፍል ተሰውሮ ስለሚነድ፥ ለቤቱ ሰው የሚደርሰው ሙቀቱ ብቻ ነው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል እንደሚባለውም፥ የማሞቂያው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ በሚኒሶታ፥ በዋሽንግተን አካባቢ፥ በዴንቨርና በቶሮንቶ ልጆችና ዘመዶች ላሏቸው አንባብያን፥ እንዲሁም የብርዱን ወራት ከነርሱ ጋር ለሚያሳልፉ አረጋውያን ወላጆች ይጠቅማል ብለን፥ ስለ አየር ማጣሪያው ጥቂት ቃል ለመጻፍ ወደድን።

የማሞቂያው አሠራር እንዲህ ነው። ማራገቢያው ከየክፍሉ የቀዘቀዘውን አየር በሰፊ ቦይ ስቦ ያመጣዋል፤ አየሩ የጋዝ እሳት ከውስጡ በሚያግለው የብረት ሣጥን ላይ ሲያልፍ ይሞቃል፤ ከሞቀም በኋላ በሌላ ቦይ ወደ ክፍሎቹ ይመለሳል። የእሳቱ ጢስ ግን ከዚህ አየር ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው በቧንቧ ወደ ውጭ ይወጣል። ቤትን በተፈጥሮ ጋዝ እንዲህ ስለ ማሞቅ አሊስ ፓርከር የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ያወጣችው ሐሳብ፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1919 ዓመት የፈጠራ መብት ተሰጥቶታል።

አየሩ ወደ ማሞቂያው ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት ወንፊት መሰል ነገር አለ። ይኸውም የአየር ማጣሪያ፥ በአገራችን መካኒኮች አነጋገር ፊልትሮ የሚባለው ነው። ሥራው ኹለት ነው፤ ፊተኛው ማራገቢያውንና ማሞቂያውን ከትቢያ መጠበቅ፥ ኹለተኛው የቤተ ሰቡ ሰው የሚተነፍሰውን አየር ማጥራት ነው። ጠጅ የሚያጠል ሰው ጨርቁ አምቡላ ሲሞላው ጠጁ እንደማይወርድለት ያውቃል፤ የማጣሪያውም ነገር እንዲሁ ነው። ትቢያ ሲሞላው አየሩ አያልፍም፤ አየሩ ካላለፈም የብረቱን ሙቀት የሚወስድለት የለም። ያን ጊዜ ብረቱ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በማሞቂያው ውስጥ ያለው መጠበቂያ መሣሪያም እሳቱን ያጠፋዋል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ እሳቱ እንደ ገና ይነዳል፤ ሲግልም ዳግመኛ ይጠፋል። ይህ ሲደጋገም ቤቱ ሳይሞቅ የጋዙና የኤሌክትሪኩ ሒሳብ ይጨምራል፤ የብረቱም ሣጥን በብዙ ዘመን ሊሰነጠቅና መርዘኛው ጢስ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል።

ለእኛ ወገኖች ደግሞ በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። በሰንበትም በበዓልም ቡና ይቆላል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ ሽንኩርትና በርበሬ ይቁላላል። ይህ ኹሉ ጢስና ቅባት በመጨረሻ የሚያርፈው በማጣሪያው ላይ ነው። ልማዳችሁን ተዉ ማለታችን አይደለም፤ እንግዳ የሚበዛበትና ዕጣን የማይለየው ቤት ማጣሪያውን ከሌላው ቤት ቀድሞ ይለውጥ ማለታችን ነው።

አያያዙም ከባድ አይደለም። ውፍረቱ 1 ኢንች የሆነውን ማጣሪያ በየወሩ ማየት፥ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜም መለወጥ ይገባል፤ 4 ኢንች የሚሆነው ግን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይቆያል። ከመለወጥ አስቀድሞ ማሞቂያውን ማጥፋት፥ በአሮጌው ጠርዝ ላይ የተጻፈውን ልክ አይቶ ያንኑ መግዛት፥ በአዲሱም ላይ የተሣለው ቀስት አየሩ ወደሚሄድበት ወደ ማሞቂያው እንዲያመለክት አድርጎ ማስገባት ነው። የወረቀት ማጣሪያ አይታጠብም፤ የሚታጠበውም ዓይነት በደንብ ሳይደርቅ አይመለስም። የማጥራት ኃይሉ ሜርቭ በሚባል ከ1 እስከ 16 በሆነ ቁጥር ይለካል። ቁጥሩ በበለጠ መጠን ደቃቁን ይይዛል፤ ነገር ግን ለአየሩ ማለፊያ ሊጠብብ ስለሚችል፥ ማሞቂያው የሚችለውን ቁጥር ከመመሪያው መጽሐፍ ወይም ከባለሙያ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤቱ የኪራይ ከሆነ ማጣሪያውን የሚለውጠው ማን እንደሆነ አከራዩን መጠየቅ መልካም ነው።

ይህን ሥራ በቤት ካሉት ጕልማሶች ለአንዱ መስጠትን እንመክራለን። ወር በገባ በልደታ ዕለት ማጣሪያውን ይይ፤ የለወጠበትንም ቀን በጠርዙ ላይ ይጻፍ። ልጅ ቤት መጠበቅን የሚማረው እንዲህ ባለ ትንሽ አደራ ነው።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ብርቱ ነገር አለ። ማጣሪያ ትቢያ ይይዛል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ቀለምም ሽታም የሌለውን መርዝ አይዝም። ስለዚህ ይህን መርዝ በድምፅ የሚያስታውቀውን መሣሪያ በመኝታ ክፍሎች አጠገብ መስቀል፥ ማሞቂያውንም በዓመት አንድ ጊዜ ብርዱ ሳይገባ በባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል። ማሞቂያው በሌሊት ቢቆም ወፍራም ልብስ መደራረብ፥ ካልሆነም ወደ ዘመድ ቤት መሄድ ይሻላል እንጂ የከሰል ማንደጃ ወደ ቤት ማስገባት ወይም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መኪና ማስነሣት ፈጽሞ አይገባም። በ2021 ዓመት በፈረንጆች የካቲት በቴክሳስ ብርድ ጸንቶ ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ፥ እንዲህ ሙቀት ሲፈልጉ በመርዙ የሞቱ ብዙዎች ናቸው።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ ነበር። የጥቂት ብር ማጣሪያና የሩብ ሰዓት ሥራ ያንን ሌሊት ሊያስቀሩ ይችላሉና፥ አንባብያን ለሩቅ ዘመዶቻቸው በሚጽፉትና በሚደውሉት ጊዜ ከሰላምታው ቀጥለው ይህንኑ እንዲጠይቁልን እናሳስባለን።