እንግዳ ጠርቶ መሸሽ

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ በአገሬ በደረስጌ ማኅበር ሲጠጣ ሙሴ የሚባል አለቃ አለ። ከማኅበርተኛው አንዱ ጠጥቶ ቢሳደብ ሙሴው ይገሥጸዋል፤ ባይመለስ ያስወጣዋል። «እኔ ጠላ አቅራቢ ብቻ ነኝ» ያለ ሙሴ ግን አይቼ አላውቅም።

በዘመናችን የስብሰባ አዘጋጅ የሚባል ሌላ ደጋሽ ተነሥቷል። አንድ ቀን በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፥ ከስብሰባ በኋላ ለሽርሽር የመጡ እንግዶች አየሁ። አንደኛው ለጭላዳ ዝንጀሮ ዳቦ ይወረውራል። ስካውቱ «ክልክል ነው» ቢለው ቋንቋ አላግባባቸውም። አዘጋጁን ብለምነው፥ «ጋሼ፥ የጠራኋቸው ለስብሰባ ነው፤ ለጠባያቸው ዋስ አይደለሁም» አለኝ።

ይህ ቃል ወንድነት የጎደለው ቃል ነው። የሰው እህል የለመደ ዝንጀሮ ነገ በገበሬው ማሳ ላይ ይወርዳል። እንግዳው አገሩ ይገባል፤ ጉዳቱ ግን ከገበሬው ጋር ይቀራል።

«ሰው ሁሉ በገዛ ሥራው ይጠየቃል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የእንግዳውን ቅጣት አዘጋጁ ይሸከም አልልም፤ እንግዳውንም እንደ ሰላይ ይከታተል አልልም። ዳሩ ግን የአገሩን ሕግ ሳይነግሩ ሰው ማምጣት የእንግዳው ጥፋት አይደለም፤ የጠሪው የራሱ ጥፋት ነው። ድሮን ያለ ፈቃድ ወደ ኢትዮጵያ እንደማይገባ፥ ወደ ፓርኩም የሚገባ በደባርቅ ተመዝግቦ ከስካውት ጋር እንደሚሄድ፥ ካልነገሩት በምን ያውቃል? የሆቴሉንና የምሳውን ሰዓት የጻፈ እጅ ይህን ለመጻፍ ስለ ምን ደከመው?

እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመው የቪየና ስምምነት በ41ኛው አንቀጽ፥ የማይከሰሰው ዲፕሎማት እንኳ የተቀበለውን አገር ሕግ እንዲያከብር ያዛል። ታዲያ የሦስት ቀን ተሰብሳቢ ከዲፕሎማት ይበልጣልን?

ደግሞም በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ለዚህ ፓርክ ሲባል የአባቶቻቸውን ቤት ትተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ባለአገሩ ቤቱን የለቀቀለትን ሕግ እንግዳ በዳቦ ቁራሽ ሲያፈርሰው ዝም ማለት ግፍ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ነገ እናንተም ጠሪዎች ትሆናላችሁ። ከመጥራታችሁ በፊት ሕጉን በእንግዳው ቋንቋ ንገሩ፤ ሲያጠፋ ቀርባችሁ መልሱ፤ እንቢ ካለ ከጉባኤያችሁ አስወጡ። ይህን የማትችሉ ከሆነ ድግሱ ይቅርባችሁ።