አረቄ በማቃጠሉ ብቻ አይመዘንም

አረቄ ሲቀርብ ቀድሞ የሚጠየቀው «ያቃጥላል ወይ?» ተብሎ ነው። ይህ ኃይሉን እንጂ ሙያውን አይመዝንም። የአርሲ ነገሌ ሴቶች የሚያወጡት ካቲካላ ጥሩነቱ የሚታወቀው ድፍድፉ ሳያር ሲወጣ፣ አፍንጫ የሚወጋው የመጀመሪያው ፍሳሽ ተለይቶ ሲጣል፣ የእህሉም መዓዛ ሳይጠፋ ሲቀር ነው። ሁለት ጊዜ የሚወጣው ዳግም አረቄም ቢሆን መዓዛ ከሌለው ትርፉ ስካር ብቻ ነው።

ገበያው ይህን ልዩነት ካላወቀ ጥንቁቋም ግድ የለሿም እኩል ዋጋ ያገኛሉ። ስያሜን በሕግ መጠበቅ አንዱ መፍትሔ ይመስላል። ሜክሲኮ በ1994 እ.ኤ.አ. የሜዝካልን ስም በሕግ ጠበቀች፤ የምስክር ወረቀቱ ወጪ ግን ብዙ አነስተኛ አምራቾችን ከስያሜው ውጭ አስቀርቷል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ከስያሜው በፊት የሴቶቹን አቅም ያገናዘበ የጥራት ምርመራ ልታቀርብ ይገባል። አለዚያ የካቲካላ ስም ቢከበርም ገቢው ስሙን ላተረፉት ሴቶች አይደርስም።