የእግዜር እንግዳ በኤግሊንተን ዌስት
ጀምበር የጠለቀችበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ሲጣራ፣ ባላገሩ ስሙን ከመጠየቁ አስቀድሞ እግሩን አጥቦ መደብ ያነጥፍለት የነበረው፣ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ለሦስቱ እንግዶች የፈጸመውን ትሩፋት ተከትሎ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ግን ከአፍሪካ የመጡ ጥገኝነት ጠያቂዎች በቶሮንቶ፣ በፒተር ጎዳና፣ ከመጠለያ መቀበያው ቢሮ ደጅ በእግረኛ መንገድ ላይ ሲያድሩ፣ ከተማውና የፌዴራሉ መንግሥት ስለ ወጪው ሲከራከሩ፣ ደጃቸውን የከፈቱላቸው የጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ።

እኛም በዚያችው በቶሮንቶ፣ ጎረቤቶቻችን ትንሿ ጃማይካ በሚሏት በኤግሊንተን ዌስት የምንከራየው ቤዝመንት ጠባብ፣ አከራዩም (እውነቱን ለመናገር) ቁጡ ቢሆንም፣ አዲስ መጤው የሚሻው የጥቂት ሌሊት ፍራሽ፣ ትኩስ ሽሮና ቅጹን አብሮት የሚሞላ ሰው ነውና፣ በየዕድራችን ተራ ብንገባ አንዱም ቤት አይጨነቅም።