ፍሪዘር ያስረሳው ጨው

መስከረም በኢትዮጵያ የእሸት መክፈቻ ነው፤ በስቶክሆልም ግን ያው ወር የጓሮ መዝጊያ ሆኖ ይመጣል። በሰኔ በቀን ከ18 ሰዓት በላይ ታበራ የነበረችው ፀሐይ ስለምትሸሽና ውርጭም ስለሚያሰጋ፣ ኮሎኒሎት ያላቸው ሰዎች፣ ማለትም በጓሮ አትክልት ማኅበራት በኩል ትንሽ ቦታ የሚያለሙ የከተማ ነዋሪዎች፣ ጥቅል ጎመኑን፣ ካሮቱንና ፖሙን በጥድፊያ ይሰበስባሉ። በዚህ ሳምንት የዚህን ዓምድ ጸሐፊ ያስደሰተው ይህ አዝመራ ነው፤ ያስቆጣው ደግሞ የሐበሻ ቤተሰቦች በጋውን ሙሉ ጎንበስ ቀና ብለው ያበቀሉት ምርት ዘንድሮም እንደ አምናው በላስቲክ ታጭቆ ወደ ፍሪዘር መግባቱ ነው።

የስቶክሆልም የኮሎኒ ጓሮዎች ታሪክ ከአና ሊንድሃገን ስም ጋር የተያያዘ ነው። እኒህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1906 የከተማይቱን የኮሎኒ ጓሮዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ ዓላማቸው በጠባብ ቤት ታፍኖ የሚኖረው ሠራተኛ ቤተሰብ አፈር እንዲነካና የራሱን ምግብ እንዲያመርት ነበር። ጓሮ ደግሞ ምርቱን ሲሰጥ በአንድ ጊዜ ስለሚሰጥ፣ ማብቀልና ማቆየት በስዊድን ቤት እንደ አንድ ሙያ ተያይዘው ኖረዋል፤ ድንቹና ካሮቱ ዩርድሼላሬ ወደሚባለው፣ በአፈር ተሸፍኖ ክረምት ከበጋ ቅዝቃዜው ብዙም ወደማይለዋወጥ ጓዳ ይወርዳል፤ ዱባና ቀይ ሥር ደግሞ 1 እጅ ኤቲካ (12 በመቶ የሆነ አቼቶ)፣ 2 እጅ ስኳርና 3 እጅ ውኃ በተቀላቀለበት ፈሳሽ ይዘፈዘፋል። ሊንጎን የምትባለው ቀይ የዱር ፍሬማ ምግብ እንዳይበላሽ የሚከላከለው ቤንዞይክ አሲድ በተፈጥሮዋ ስላላት፣ ውኃ ብቻ ፈስሶባት በቀዝቃዛ ቦታ ለወራት ትቀመጣለች።

ይህን ሁሉ የሚያዩ አንዳንድ ሐበሾች «ይህ የፈረንጅ ሙያ ነው፤ እኛ አትክልት ትኩሱን ነው የምንበላው» ይላሉ፤ አባባሉ ግን ከራሳቸው ወጥ ቤት ጋር ይጋጫል። እርሾ ከአንዱ ቡኮ ለሚቀጥለው የምታስተርፍ፣ የሊጡን ውኃ በቀለሙና በሽታው አይታ ለምጣድ መድረሱን የምትለይ ሴት፣ ማብላላት ማለት ዓይን የማያያቸው ሕዋሳት ስኳርን ወደ አሲድ የሚለውጡበት ሂደት መሆኑን ቃሉን ሳትሰማ ታውቀዋለች። ከሱፍ ውኃና ከባቄላ ዱቄት የሚሠራው ሲልጆ ሰናፍጭ ገብቶበት የሚኮመጥጠው፣ ቆጮም በጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆየው በዚሁ መንገድ ነው። ሱርኮል የተባለው የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን የነዚህ የሥጋ ዘመድ እንጂ ባዕድ አይደለም።

አሠራሩም ቀላል ነው። አንድ ኪሎ ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ተከትፎ 20 ግራም ጨው ይነሰነስበትና ውኃው እስኪወጣ ድረስ በእጅ ይታሻል፤ ቃሪያና ዝንጅብል ከተጨመረበት በኋላ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ በጡጫ ተጠቅጥቆ ከራሱ ውኃ በታች እንዲሰጥም ክብደት ይጫንበታል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከሥር አረፋ እየተንጠረጠረ ይወጣል፤ ክዳኑ ትንሽ ላላ ሲል የሚሰማው ሽታ የቡኮን ሽታ የሚያውቅ አፍንጫ ወዲያው የሚለየው ነው። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በቤት ውስጥ ሙቀት ከቆየ በኋላ ወደ ፍሪጅ ይዛወራል። ፍሪዘር ግን የጎመኑን ሕዋስ በበረዶ ሰንጥቆ ሲቀልጥ ውኃ ያደርገዋል፤ አዲስ ጣዕም አይጨምርለትም።

እዚህ ላይ ከጣዕም የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ ሊድበሰበስም አይገባውም። ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ዘይት አልብሶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ በብዙ ቤት የተለመደ ሲሆን አደገኛም ነው። ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው በአፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ አየር በሌለበትና አሲድ ባነሰበት ቦታ ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም ሽታ ወይም ጣዕም ሳያሳይ ሊገኝ ይችላል። የባክቴሪያው ዘር በ100 ዲግሪ የፈላ ውኃን ስለሚቋቋም፣ አሲድ የሌለው አትክልት በጠርሙስ ታሽጎ ከፍሪጅ ውጭ እንዲቆይ ከተፈለገ በግፊት ድስት እስከ 121 ዲግሪ መሞቅ አለበት። ጨው የገባበት ጥቅል ጎመንም አየር የለውም፤ ነገር ግን አሲዱ የፒኤች መጠኑን (የአሲድነት መለኪያውን) ባክቴሪያው ሊያድግ ከማይችልበት ከ4.6 በታች ያወርደዋል። ዘይት አየሩን ብቻ ይከለክላል፤ አሲድ አይሰጥም። እናቶች ያላጠፉትን ጥፋት በእናቶች ላይ ማላከክ ተገቢ አይደለም፤ በደረቅ በርበሬ የለመደውን እጅ በእርጥብ ቃሪያ ላይ እንዲሠራ ያደረገው ስደቱ ነው። በዘይት የተለወሰው ቃሪያ ፍሪጅ ገብቶ በሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ይህ ሙያ ወደ ልጆች እንዲተላለፍ ደግሞ ልክ ያስፈልገዋል፤ በስቶክሆልም የተወለደ ልጅ «በግምት ነው» የሚል መልስ አይበቃውም፤ የእናቱ እፍኝ ስንት ግራም እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። ሚዛን አውጥቶ የእናትን እፍኝ ጨው አንዴ መመዘን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እሷ ካለፈች በኋላ ግን ማንም ሊመዝነው አይችልም። ጊዜውም ይመቻል፤ በመስከረም መጨረሻ የታሸ ጥቅል ጎመን ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ኮምጥጦ ደርሶ ከሽሮ ጎን ይቀርባል።