ሦስት መቶዎቹ ብቻ አልነበሩም

እ.ኤ.አ. በ1962 በሩዶልፍ ማቴ አዘጋጅነት የተሠራው «ሦስት መቶዎቹ ስፓርታውያን» የተሰኘው የጦር ፊልም በቪዲዮ ካሴት፣ ቆይቶም በዲቪዲ ወጥቶ ከሲኒማ ቤት ወደየሳሎናችን ከገባ ሰንብቷል። ታሪኩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ንጉሥ ሊዮኒዳስ ቴርሞፒሌ በተባለው የግሪክ ጠባብ መተላለፊያ የፋርሱን ንጉሥ የዜርክሲስን ግዙፍ ሠራዊት ለመግታት ያደረገው ተጋድሎ ነው።

ጀግንነታቸውን አንክድም። የምንሰጋው ልጆቻችን ፊልሙን ሙሉ ታሪክ አድርገው እንዳይቀበሉት ነው። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው 700 የቴስፒያ ሰዎችም በፈቃዳቸው ከሊዮኒዳስ ጋር ቀርተው ወድቀዋል፤ የፊልሙ ርዕስ ግን አይቆጥራቸውም። ከሁሉ በላይ፣ ለነጻነት ተዋጉ የሚባሉት ስፓርታውያን ሄሎት የሚባሉ ገባሮችን በግድ እያሳረሱ የሚኖሩ ነበሩ። ለእነዚያ ነጻነት አልተረፋቸውም።

ታዲያ ካሴቱን እንጣለው? አንልም። ሲኒማ ቤት ፊልም አስቁሞ መጠየቅ አይቻልም፤ ቤታችን ግን ሪሞቱ በእጃችን ነው። ወላጆች ከልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት። «ነጻነት» የሚለው ቃል ሲነሳ አቁሙትና «የማን ነጻነት?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ ማንኛውም ፊልም በቀላሉ አያታልለውም።