አሮጌ ዋሌት፣ አዲስ ሌባ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነህ የለ። «ዜሮ ይላል» አለኝ። «አንተ፣ ዜሮ ይላል እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ግራፊክስ ሠሪ ነው። በ2016 (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ሎጎ ሠርቶ ክፍያውን በቢትኮይን ተቀበለ። ያኔ ገንዘቡ ይህን ያህል የሚያጓጓ አልነበረም። መልቲቢት ኤችዲ በሚባል ዋሌት ውስጥ አስቀመጠው፤ አሥራ ሁለቱን ሚስጥራዊ ቃላት ደብተር ላይ ጻፈ፤ ከዚያ ረሳው። ዘንድሮ ወንድሙ ታሞ ለሕክምና ገንዘብ ሲፈለግ ደብተሩ ትዝ አለው።

የላፕቶፑን አቧራ ጠርጎ ከፈተ። ፕሮግራሙ ግን አልሠራ አለ። መልቲቢትን ይዞት የነበረው ኩባንያ ድጋፉን ያቋረጠው ሐምሌ 2017 ላይ ነው። ጓደኛዬ ይህን አያውቅም። ስልኩ ላይ አዲስ ዋሌት ጫነና አሥራ ሁለቱን ቃላት አስገባ። ዋሌቱ ቃላቱን ያለ ምንም ቅሬታ ተቀበላቸው። ሒሳቡ ግን ዜሮ።

እዚህ ላይ ሰው ምን ያደርጋል? እሱም ያደረገው ያንኑ ነው። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብቶ «እርዱኝ» አለ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት «ባለሙያዎች» በውስጥ መስመር መጡ። ሦስቱም የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ «ቃላቱን ላክልኝ፣ አስተካክልልሃለሁ»። እኔ ጋ የደወለው ለመላክ ትንሽ ሲቀረው ነበር።

እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ዋሌት የምንለው ነገር ውስጥ ገንዘብ የለም። ገንዘቡ ያለው ብሎክቼይኑ ላይ፣ ዓለም ሁሉ በሚያየው መዝገብ ውስጥ ነው። ዋሌቱ የሚይዘው ቁልፉን ብቻ ነው። አሥራ ሁለቱ ቃላት ከ2048 ቃላት ዝርዝር የተመረጡ ሲሆኑ፣ ቁልፎቹ በሙሉ የሚወለዱት ከእነሱ ነው። ችግሩ ከቃላቱ ወደ ቁልፉ የሚወስደው መንገድ አንድ አለመሆኑ ነው። መልቲቢት ኤችዲ በአንድ መንገድ ይሄዳል፤ የዛሬዎቹ ዋሌቶች አብዛኞቹ በሌላ። ቃላቱ ትክክል ሆነው ሒሳቡ ዜሮ የሚለው ለዚህ ነው። ሰፈሩ ልክ ነው፤ የተንኳኳው በር ግን የጎረቤት ነው። ገንዘቡ የትም አልሄደም።

የእኔ አቋም አጭር ነው፦ አሮጌ ዋሌት ያላችሁ ሰዎች ተዛወሩ፤ ግን በጥድፊያ አትዛወሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ቢትኮይን ግን አንዴ ከፈሰሰ የሚለቀም አይደለም።

«ታዲያ ካልነካሁት ይሻላል፣ ባለበት ይቀመጥ» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይሻልም። ኤሌክትረም የሚባለውን ታዋቂ ዋሌት ታሪክ ስሙ። በ2018 ታኅሣሥ ወር ሌቦች የራሳቸውን ሰርቨሮች አቁመው ከኔትወርኩ ጋር ቀላቀሉ። አሮጌ የኤሌክትረም ቅጂ ያለው ሰው ገንዘብ ሊልክ ሲሞክር እነዚያ ሰርቨሮች «አፕዴት አድርግ» የሚል መልእክት ከነሊንኩ ይልኩለት ነበር። መልእክቱ የሚታየው ራሱ ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ማን ይጠረጥራል? ሊንኩ ግን የሚወስደው ወደ ሐሰተኛ ኤሌክትረም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ከ200 በላይ ቢትኮይን ተዘረፈ። የአሮጌው ቅጂ ቀዳዳ በአዲሶቹ ተደፈነ። ነገር ግን በ2020 ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ከ2017 ጀምሮ ያልነካውን ዋሌት ከፍቶ፣ ያንኑ የሐሰት አፕዴት ጭኖ፣ 1,400 ቢትኮይን እንደጠፋበት ተናገረ። በጊዜው ዋጋ ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

አያችሁ? ይህ ሰው ስግብግብ አልነበረም። ጥፋቱ መርሳቱና የተባለውን ማመኑ ነው። «አፕዴት አድርጉ» የሚለውን የደህንነት ምክር ሌቦቹ ወጥመድ አደረጉት።

ሌላው ደግሞ «ኤክስቼንጅ ላይ አስቀምጦ መገላገል ነው» ይላል። በ2014 የማውንት ጎክስ፣ በ2022 የኤፍቲኤክስ ደንበኞችም የተገላገሉ መስሏቸው ነበር።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። መጀመሪያ ቴሌግራሙን አዘጋሁት። በማግስቱ ንጹሕ ኮምፒውተር ፈልገን ኤሌክትረምን ከራሱ ድረ ገጽ ላይ አወረድን፤ የአዘጋጆቹን ዲጂታል ፊርማም አረጋገጥን (ይህን ሁሉም ሰው ይዘለዋል፤ አትዝለሉት)። የድሮዎቹን ቃላት አስገብተን፣ መልቲቢት ኤችዲ ይጠቀምበት የነበረውን መንገድ መረጥን። ሒሳቡ ብቅ አለ። ጓደኛዬ ወንበሩ ላይ ዝም ብሎ ቁጭ አለ።

በዚህ አላበቃንም። እነዚያ ቃላት ስልኩ ላይ ተጽፈዋል፣ ሊላኩም ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። የተነካካ ቁልፍ ይዞ መኖር ሞኝነት ነው። አዲስ ዋሌት በአዲስ ቃላት ከፈትን፤ ቃላቱን በወረቀት ላይ ሁለት ቦታ ጻፍን፤ ዋሌቱን አጥፍተን ከወረቀቱ መልሰን አስነሳነው። በትክክል ሲነሳ ብቻ መጀመሪያ ጥቂት ላክን። ደረሰ። ከዚያ የቀረውን።

ይህ ሁሉ አንድ ሙሉ እሑድ ፈጀ። ታዲያ ምን አለበት?

ይህን የምጽፈው ስለ ኮምፒውተር ለመራቀቅ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2022 ሰኔ ወር ላይ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑን አስታውሶ፣ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው ሲል አስጠንቅቋል። ስለዚህ የተዘረፈ ሰው አቤት የሚልበት ደጅ የለውም ማለት ይቻላል። ቢኖርም ብሎክቼይን የዳኛ ትእዛዝ አይሰማም። «የራስህ ባንክ ሁን» የሚሉን ሰዎች ጥሩ ይናገራሉ፤ ባንኩ በሌሊት ሲዘረፍ ዘበኛውም አንተ መሆንህን ግን አይነግሩህም። ፕሮግራም ሠርተው ጥለውት የሚሄዱትም ቢያንስ በሚገባ ቋንቋ «ከዚህ ውጡ፣ በዚህ በኩል ሂዱ» የማለት ዕዳ አለባቸው።

እስከዚያው ያለን ዋስትና እርስ በርስ መነጋገር ነው። የሚያምኑት ሰው ጋ ሌሊት መደወል አያሳፍርም። ለማታውቁት ሰው ቃላት መላክ ነው የሚያሳፍረው። ቃላቱን የሚጠይቃችሁ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ምንም ይበል ምን፣ ሌባ ነው። አለቀ።

በሉ አሁን ደብተራችሁን ፈልጉ። ስታገኙት ግን አትቸኩሉ፤ እሑድን ጠብቁ።