እጅ አይነግርም

ለማጁ ቶርኖ ላይ የእንጨት ዕቃ እየቦረቦረ «ግድግዳው ስንት እንደቀረው በምን ልወቅ?» ሲል አለቃው ፈገግ ይልና «እጅህ ይነግርሃል» ይለዋል። ያምራል አይደል? ጥበብ ጥበብ ይሸታል። እኔ ግን ይሄን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ግማሹ ስንፍና ነው፤ ግማሹ ደግሞ ለማጁን ለማጅ አድርጎ ማስቀሪያ ዘዴ።

ሥራውን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አፉ ሰፊ የሆነ ሳህን ብዙ ችግር የለውም፤ ማሽኑን አቁመህ በሁለት ጣት ከውስጥና ከውጭ ትዳስሰዋለህ። ጉዱ ያለው እንደ ቅል ሆዱ ሰፍቶ አፉ የጠበበው ላይ ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ኤልስዎርዝ ከፈረንጆቹ 1970ዎቹ ጀምሮ ስሙን የተከለው በዚህ ነው፤ በጠባብ አፍ የታጠፈ ብረት አስገብቶ፣ ሳያይ፣ ውስጡን ቦርቡሮ ማውጣት። የውጪው ቅርጽ አስቀድሞ አልቋል። ስለዚህ ከውስጥ የተፋቀች እያንዳንዷ ሚሊሜትር አትመለስም። «አስር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ» ለጣውላ ይሠራል፤ እዚህ ግን ትንሽ ቆርጦ መለካት፣ ደግሞ ትንሽ ቆርጦ መለካት ነው። ያውም ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች፣ እያንዳንዱን ክፍል ጨርሶ እየወረዱ። ታችኛውን ካሳሱ በኋላ ወደ ላይ ልመለስ ቢሉ፣ ቀጭኑ ግድግዳ ይንቀጠቀጥና ብረቱን ይነክሰዋል።

«ትንሽ ቢወፍር ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። መወፈሩስ ግድ የለም፤ ችግሩ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ሲሳሳ ነው። ቀጭኑ ቦታ ቀድሞ ይደርቃል፣ ወፍራሙ ገና ውሃውን ይዞ ተቀምጧል፤ ሲጓተቱ ይሰነጠቃል። እንጨት ደግሞ በዓመት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ወደ መሃሉ ከሚኮማተረው እጥፍ ግድም ነው። ለዚህ ነው እርጥብ ሳህን መጀመሪያ ሲወጣ ግድግዳው የወርዱን አንድ አስረኛ ያህል የሚተወው፤ ለ30 ሳንቲሜትር 3 ሳንቲሜትር። ከወራት በኋላ ደርቆና ተጣሞ እንደገና ቶርኖ ላይ ይወጣል። እስቲ ንገሩኝ፣ አንድ አስረኛን የሚናገር እጅ የማን ነው?

እሺ፣ ጆሮስ? ግድግዳው ሲሳሳ ድምፁ ይለወጣል፣ እውነት ነው። ግን ጆሮ ያነጻጽራል እንጂ አይቆጥርም። እርጥቡና ደረቁ፣ ትልቁና ትንሹ በአንድ ድምፅ አይናገሩም። «ሳስቷል» ይልሃል፤ «እዚህ ጋ 4 ሚሊሜትር ቀርቷል» አይልህም።

ሽቦ ግን ይላል። ጠንካራ ሽቦ እንደ ፀጉር ሹካ ታጥፋለህ፤ በሁለቱ እግሮቹ መካከል 10 ሚሊሜትር ክፍተት ትተዋለህ። አንዱን እግር በአፉ አስገብተህ ከውስጥ ግድግዳው ላይ ታስጠጋዋለህ። በውጪው እግርና በእንጨቱ መካከል 4 ሚሊሜትር ከታየህ፣ ግድግዳው 6 ነው። አለቀ! ነጣ ያለ እርጥብ እንጨት ከሆነ ደግሞ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ውስጡ አስገባ፤ የሳሳው ቦታ ደምቆ ይታያል። እንደ ወይራ ልብ ያለው ጥቁር እንጨት ላይ ግን አትድከም። ገንዘብ ያለው ሌዘር በብረቱ ዘንግ ላይ ይገጥማል፤ ነጥቡ ከዕቃው ጠርዝ ሲወድቅ የተፈለገው ውፍረት ላይ ደርሷል ማለት ነው።

የሽቦ ቁራጭ ስንት ብር ነው? ታዲያ ለምን አይነገርም? ምክንያቱም ሽቦው በአምስት ደቂቃ ይተላለፋል፤ «እጅ» ግን ዓመታት ይፈጃል፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አለቃ አለቃ ሆኖ ይቆያል። የሱ እጅ የተማረው ስንት እንጨት ሰብሮ ነው፤ የማን እንጨት እንደነበር ግን አይነሳም። የእኛ ሰፈር ቶርኖ የአልጋ እግርና የደረጃ መደገፊያ ነው የሚያወጣው። ከአልጋ እግር ወደ ዕቃ መሻገር የፈለገ ልጅ እየሰበረ የሚማርበት የዋንዛ ክምር የለውም። አንዱ ግንድ ሲበሳበት ከደሞዙ ይቆረጣል፣ ስድቡ ምርቃት ነው።

ስለዚህ ሲጠይቃችሁ ሽቦ ስጡት። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም እንዳያስገባው ብቻ ንገሩት፤ የሚዞር እንጨት ሽቦውንም ጣቱንም ይዞበት ይሄዳል።